ምስጥ ብቻ የሚያድነው ጉንዳን፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ስለ ምስጥ ባወጣነው ጽሑፍ ውስጥ «ከምስጥ በቀር ሌላ የማይበላ ጉንዳን አለ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች። የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ዋናውን ጽሑፍ ትተው እሷን ይዘው የመጡ ናቸው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን እንደሚከተለው መልሰናል።

ጥያቄ (ከነቀምቴ)፦ ማለዳ ወደ እርሻ ስወጣ ትልልቅ ጥቁር ጉንዳኖች ተሰልፈው መንገድ ሲያቋርጡ አየሁ። ብዙዎቹ በአፋቸው ነጣ ያለ ምስጥ ይዘዋል። በእንጨት ጫፍ ነካ ሳደርጋቸው «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ አሰሙ። ገብረ ጉንዳን ናቸው? ገብረ ጉንዳን ድምፅ ሲያወጣ ሰምቼ አላውቅም።

መልስ፦ ገብረ ጉንዳን አይደሉም። ድምፁን፣ ሰዓቱንና የተሸከሙትን ምስጥ አንድ ላይ ስናየው ያገኙት ማታቤሌ የሚባለውን ጉንዳን ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ሜጋፖኔራ አናሊስ ነው። በቆዩ መጻሕፍት ሜጋፖኔራ ፌተንስ ወይም ፓኪኮንዲላ አናሊስ ተብሎ ቢያገኙት አይደናገሩ፤ ሁሉም ያው አንዱ ጉንዳን ነው። ከሰሃራ በታች ባለው የሣርና የቁጥቋጦ ምድር፣ ከምዕራብ አፍሪካ እስከ ደቡብ አፍሪካ ይኖራል። ዝርያው ከተመዘገበባቸው አገሮች ኢትዮጵያ አንዷ ናት።

ከገብረ ጉንዳን ለመለየት ቀላሉ መንገድ ሰልፉ እስኪያልቅ መጠበቅ ነው። የማታቤሌ ሰልፍ ከ200 እስከ 600 ጉንዳን ቢሆን ነው፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አልፎ ያልቃል፤ ከኋላው ባዶ መሬት ይቀራል። ገብረ ጉንዳን ግን ከአንድ ጎጆ ሚሊዮኖች ሆኖ ስለሚወጣ ሰልፉ ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ከቀን በላይ ሳይቋረጥ ይፈሳል፤ ዳርና ዳሩ ላይ ትልልቅ ጭንቅላት ያላቸው ወታደሮች መንጋጋቸውን ከፍተው ይቆማሉ። ሁለተኛው ምልክት ዓይን ነው። የገብረ ጉንዳን ሠራተኛ ዓይን የለውም፤ ማታቤሌ አለው። ሦስተኛው መሣሪያቸው ነው፦ ገብረ ጉንዳን የሚያሳምመው በመንጋጋው ሲነክስ ሲሆን ማታቤሌ ግን በጅራቱ ጫፍ ባለው መንደፊያ እንደ ተርብ ይናደፋል።

የሰሙት ድምፅ የሚወጣው ከአፍ አይደለም። ጉንዳኑ የሆዱን ቀለበቶች እርስ በርስ ሲፈትግ የሚፈጠር ነው፤ መቶዎቹ በአንድ ጊዜ ሲያደርጉት ቆሞ ለሚያይ ሰው ጆሮ ይደርሳል። ጠጋ ብለው ቢያሸቱ ኖሮ የበሰበሰ ጎመን ወይም የነጭ ሽንኩርት ዓይነት ሽታም ያገኙ ነበር። ስለዚህ ሽታ ዝቅ ብለን እንመለስበታለን፤ ብዙ ነገር የተንጠለጠለው በእሱ ላይ ነው።

(አንድ ሌላ አንባቢ በክረምት መግቢያ ማታ ማታ አምፖል ላይ እየተጋጨ የሚወድቀው ቡናማ፣ ወፍራም፣ ክንፋም ነፍሳት ምን እንደሆነ ጠይቀውናል። እሱ ነው የገብረ ጉንዳን ወንድ። አይናደፍም።)

ጥያቄ (ከአሶሳ፣ የባዮሎጂ መምህር)፦ ይህ ጉንዳን ምስጡን የሚያገኘው እንዴት ነው? ኩይሳውን ሰብሮ ይገባል?

መልስ፦ ኩይሳ አይሰብርም፤ ቢሞክርም አይሆንለትም። የሚያጠቃው ምስጡ ለምግብ የወጣበትን ቦታ ነው። የወደቀ ግንድ፣ የደረቀ አገዳ ወይም ቅጠል ላይ ምስጥ የሚለጥፈውን ስስ የአፈር ሽፋን ያውቁታል፤ ምስጡ በዚያ ሥር ተሸሽጎ ይመገባል። ማታቤሌ የሚፈልገው ይህንን ሽፋን ነው፤ በተለይም እንጉዳይ እያበቀሉ የሚኖሩትን፣ ማክሮተርሜስና ፕስዩዶካንቶተርሜስን የመሰሉትን የምስጥ ወገኖች።

መጀመሪያ የሚወጣው አንድ ቃኚ ብቻውን ነው። እስከ አንድ ሰዓት ድረስ ሊዞር ይችላል። ሽፋኑን ሲያገኝ ዙሪያውን ይመረምራል፤ ከምስጡ ጋር ግን አይነካካም፤ ቢነካካ ምስጡ ደንግጦ መተላለፊያዎቹን ይዘጋል። ከዚያ በአጭሩ መንገድ የሽታ መስመር እያሰመረ ወደ ጎጆው ይመለሳል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሰልፉ ይወጣል፤ ከፊት ሆኖ የሚመራውም ያው ቃኚ ነው። ርቀቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ50 ሜትር አይበልጥም፤ እስከ 95 ሜትር የሄደም ተመዝግቧል። ቦታው በራቀ መጠን የሚዘምተው ቁጥር ይጨምራል።

እቦታው ሲደርሱ ሰልፉ ቆም ብሎ ይሰበሰባል፤ ከዚያ ሥራ ይከፋፈላሉ። ትልልቆቹ (እስከ 18 ሚሊ ሜትር የሚደርሱት) በመንጋጋቸው የአፈሩን ሽፋን ይቀድዳሉ። ትንንሾቹ (ከ5 ሚሊ ሜትር ጀምሮ ያሉት) በተቀደደው በኩል ወደ ጠባቡ መተላለፊያ ዘልቀው ምስጡን እየነደፉ ወደ ውጭ ይወረውራሉ። ትልልቆቹ ከውጭ የተጣለውን ይለቅማሉ፤ አንዱ ትልቅ ጉንዳን እስከ ሰባት ምስጥ በአንድ ጊዜ ነክሶ ይሸከማል።

ነገሩ የጊዜ ሽሚያ ነው። የምስጥ ወታደሮች ትልቁን ጭንቅላታቸውን በመተላለፊያው ላይ ደቅነው ይከላከላሉ፤ ከኋላቸው ሠራተኞቹ በምራቅ የተለወሰ አፈር እየለጠፉ ቀዳዳውን ይደፍናሉ። ስለዚህ ግጭቱ አጭር ነው። ሲያበቃ ጉንዳኖቹ በየፊናቸው አይበተኑም፤ ከተቀደደው ሽፋን አጠገብ ተሰብስበው፣ ሁሉም መጥቶ ሲያበቃ በአንድ ሰልፍ ይመለሳሉ። ተማሪዎችዎን ይዘው ከወጡ ይህችን የመሰብሰቢያ ጊዜ እንዳያመልጧቸው፤ ቁስለኞቹ የሚነሡት ያኔ ነው።

እንዲህ ያለ ዘመቻ በቀን ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ይደረጋል። የአንድ ጎጆ ሕዝብ ግን ከ900 እስከ 2,000 ገደማ ብቻ መሆኑን ልብ ይበሉ። ከገብረ ጉንዳን ሚሊዮኖች ጋር ሲነጻጸር እፍኝ የማይሞላ ነው፤ የዚህ ጉንዳን እንግዳ ጠባዮች ሁሉ የሚመነጩትም ከዚህ ይመስለናል።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ «ቁስለኛ ተሸክሞ ወስዶ የሚያክም ጉንዳን ተገኘ» የሚል ዜና ሰማሁ። እውነት ነው ወይስ የኢንተርኔት ወሬ?

መልስ፦ እውነት ነው፤ በሜዳም በቤተ ሙከራም የታየ ነው። ጥናቱ የተሠራው በኮትዲቯር ኮሞኤ ብሔራዊ ፓርክ ሲሆን የመራው የጀርመን ቩርትስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ኤሪክ ፍራንክ ነው። የመጀመሪያው ውጤት የታተመው እ.ኤ.አ. በ2017 ነበር።

ጉዳቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ወታደር ምስጡ እግር ወይም አንቴና ቆርጦ ሲጥል ነው። ሁለተኛው ምስጡ ራሱ ሞቶም እንኳ መንጋጋውን ሳይለቅ ከጉንዳኑ እግር ላይ ተጣብቆ ሲቀር ነው፤ ያኔ ጉንዳኑ ከራሱ ክብደት ጋር የሚቀራረብ ሸክም ይጎትታል። የቆሰለው ጉንዳን ከመንጋጋው ዕጢ ሁለት የድኝ ውሕዶችን ይለቃል፦ ዳይሜቲል ዳይሰልፋይድና ዳይሜቲል ትራይሰልፋይድ። ከላይ ያነሳነው የጎመን ሽታ የእነዚህ ነው። ይህንን ሽታ ያገኘ የጎጆ ባልደረባ ቀርቦ በአንቴናው ይዳስሰዋል፤ ቁስለኛው እግሮቹን አጣጥፎ ይሰበሰባል፤ ይነሣና ወደ ቤቱ ይወሰዳል። በአንድ ጎጆ በቀን ከ9 እስከ 15 ቁስለኞች በዚህ መንገድ ይመለሳሉ።

ለምን ይጠቅማል? ተመራማሪዎቹ ቁስለኞቹ ሳይሸከሟቸው ብቻቸውን እንዲመለሱ ሲያደርጉ 32 በመቶው በመንገድ ሞቱ፤ ዋና ገዳያቸው ሸረሪት ነበር። ቀስ ብሎ የሚሄድ ጉንዳን ለሸረሪት የተዘጋጀ ግዳይ ነው። ቁስለኛው ቤቱ ከደረሰ ግን ነገሩ ይለወጣል። የተጣበቀበትን ምስጥ ነቅለው ያስወግዱለታል። እግሩን ያጣውም በ24 ሰዓት ውስጥ በቀሩት አራት ወይም አምስት እግሮች መሮጥ ለምዶ ከጤነኞቹ ጋር የሚስተካከል ፍጥነት ያገኛል። ከተሸከሟቸው ውስጥ 95 በመቶዎቹ በሌላ ዘመቻ ላይ ዳግም ታይተዋል። በጎጆው የሚወለደው አዲስ ሠራተኛ በቀን በአማካይ 13 ያህል ብቻ ነው። በቀን እስከ 15 ቁስለኛ ማዳን ማለት ከወሊዱ የሚስተካከል ትርፍ ነው። በስሌት ሲታይ ይህ ልማድ ጎጆውን 28.7 በመቶ ያህል ያተልቀዋል።

ቁስለኛን መምረጥም አለ። አምስት እግሩ የተቆረጠ ጉንዳን አይነሣም፤ ይህ ግን ነሺዎቹ «ይህስ አይድንም» ብለው ፈርደው አይደለም። ቀላል ጉዳት ያለበት ጉንዳን ሲዳስሱት ይረጋጋል፣ እግሮቹን ያጥፋል። ክፉኛ የተጎዳው ግን መንፈራገጡን አያቆምም፤ ለመነሣት አይመችም፤ ስለዚህ ይተውታል። ምርጫው የተያዘው በቁስለኛው እጅ ነው ማለት ይቻላል። ደግሞም ቀላል ቁስለኛ ባልደረቦቹ አጠገቡ ሲሆኑ ይጎተታል፤ ብቻውን ሲቀር ተነሥቶ ይሮጣል። ይህን ማስመሰል ነው የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን ረዳት ካለ መታየት፣ ረዳት ከሌለ ከሸረሪት ማምለጥ መሆኑን ብቻ እንይዛለን።

ሕክምናው የታወቀው ቀጥሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት እንደሚያሳየው ጎጆ ውስጥ ያሉት ጉንዳኖች የተቆረጠውን እግር ጉቶ በመንጋጋቸውና በፊት እግሮቻቸው ደግፈው ይይዙና ይልሱታል፤ አንዱ ልሳት እስከ አራት ደቂቃ ይቆያል። ይህንን ያላገኙ ቁስለኞች 80 በመቶው በ24 ሰዓት ውስጥ ሞቱ። በመጀመሪያው አንድ ሰዓት የተላሱት ግን የሞቱት 10 በመቶ ብቻ ናቸው። ቁልፉ ሦስተኛው ሙከራ ነው፦ ሳይላሱ ነገር ግን ከጀርም በጸዳ ቦታ የተቀመጡት የሞቱት 20 በመቶ ገደማ ነበሩ። ስለዚህ ገዳዩ የደም መፍሰስ ሳይሆን ከአፈሩ ወደ ቁስሉ የሚገባው ጀርም ነው።

እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ያ ጀርም ማን እንደሆነ ታወቀ፤ ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ቁስሉ ሲመረቅዝ በጉንዳኑ ቆዳ ላይ ያለው የቅባት ሽታ ይለወጣል፤ ባልደረቦቹም ያመረቀዘውን ካላመረቀዘው ይለያሉ። ያመረቀዘው ቁስል በልሳት ብቻ አይታለፍም። በደረት ጎን ካለው ሜታፕለራል ከሚባለው ዕጢ ፈሳሽ በአፋቸው ወስደው ይቀቡታል። ፈሳሹ ውስጥ 112 ኬሚካላዊ ውሕዶችና 41 ፕሮቲኖች ተቆጥረዋል፤ ከውሕዶቹ ግማሽ ያህሉ ጀርም ወይም ፈንገስ የመከላከል ባሕርይ አላቸው። ይህ ሕክምና ያመረቀዘባቸውን ጉንዳኖች ሞት በ90 በመቶ ቀንሷል።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ የባልደረባውን እግር ቆርጦ ሕይወቱን የሚያተርፈውም ይኸው ጉንዳን ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ሁለቱ ዜናዎች ተቀላቅለው ነው የተሠራጩት። እግር ቆራጩ ካምፖኖተስ ፍሎሪዳነስ የሚባለው የአሜሪካ ፍሎሪዳ ጉንዳን ነው፤ ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። ይህ ጉንዳን ሜታፕለራል ዕጢ የለውም፤ የሚቀባው መድኃኒት ስለሌለው ቁስሉ ጭን ላይ ሲሆን እግሩን ከሥሩ ነክሶ ይቆርጣል፤ ሥራው 40 ደቂቃና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ቁስሉ ቅልጥም ላይ ከሆነ ግን ሳይቆርጥ ይልሰዋል ብቻ። ምክንያቱ የፈሳሽ ዝውውር ነው። የጭን ጡንቻ ፈሳሹን ወደ ሰውነት ይገፋል፤ ጭኑ ሲጎዳ ግፊቱ ስለሚደክም ጀርሙ በዝግታ ይጓዛል፤ ለመቁረጥ ጊዜ ይገኛል። ከቅልጥም የገባ ጀርም ግን ቆረጣው ሳያልቅ ቀድሞ ይሠራጫል።

ጥያቄ (ከምዕራብ ወለጋ፣ ገበሬ)፦ ምስጥ በቆሎዬን ጨረሰው። ይህንን ጉንዳን ከሌላ ቦታ ቆፍሬ አምጥቼ እርሻዬ ላይ ብለቅቀው ይገላግለኛል?

መልስ፦ በአጭሩ አይገላግልዎትም፤ ጉንዳኑንም ይገድሉታል። ለምን እንደሆነ በቁጥር እንየው። ሰልፉ በአንድ ዘመቻ 500 ምስጥ ያመጣል ብለን እናስብ፤ በቀን ሦስት ዘመቻ ቢሆን 1,500 ነው። የአንድ ትልቅ ኩይሳ ንግሥት ግን በቀን ከ20,000 በላይ እንቁላል ትጥላለች። ጉንዳኑ ንግሥቲቱ ያለችበት አይደርስም፤ የሚለቅመው ለምግብ የወጡትን ሠራተኞችና ወታደሮች ነው። ምስጡን ጨርሶ ማጥፋት ለእሱም አይበጀው፤ ነገ የሚበላው እሱን ነው።

ቆፍሮ ማምጣቱ ደግሞ የሚከሽፈው በንግሥቷ ምክንያት ነው። የዚህ ጉንዳን ጎጆ በዛፍ ሥር፣ በድንጋይ ሥር ወይም በተተወ ኩይሳ ውስጥ ይሆናል፤ ወደ ታች እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ንግሥቷ ክንፍ የላትም፤ መልኳም ከሠራተኞቹ ጋር ስለሚመሳሰል በአካፋ በተገለበጠ አፈር ውስጥ ለይቶ ማግኘት በጣም ይከብዳል። እሷ ከሞተች ያመጡት ሁሉ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ያልቃል። ሳትሞት ብትመጣም ቡድኑ ያልመረጠውን ቦታ ትቶ ይሄዳል፤ ጎጆ መቀየር ልማዱ ነውና።

የሚያዋጣው ያለውን አለመንካት ነው። በእርሻዎ ዳር የማይታረስ ጠባብ መሬት ካለ፣ በተለይ አሮጌ ኩይሳና ዛፍ ያለበት ከሆነ፣ ይተዉት። ሰልፉን ሲያዩ ዱቄት ፀረ ተባይ አይነስንሱበት፤ ጉንዳኑ ያልቃል፣ ምስጡ ግን ከመሬት በታች ይተርፋል። ለበቆሎው የሚረዳው ሌላ ነው። ምስጥ የሚብስበት በቆሎው ሊደርስ ሲል አገዳው መድረቅ ሲጀምር ነው፤ ስለዚህ እንደደረሰ ቶሎ ይሰብስቡ። የወደቀ አገዳ ላይ ያለ እሸት መሬት ላይ አያሳድሩ፤ የታጨደውን መሬት ላይ አይከምሩ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ያድርጉት፤ የቆጡን እግሮች በየጊዜው እያዩ የአፈር መተላለፊያ ሲወጣባቸው ይጥረጉ። ማሳውን ከገለባና ከቅጠል ጨርሶ አጽድቶ ባዶ ማድረግ ብዙ ጊዜ እንደ መፍትሔ ይነገራል፤ እኛ አንመክረውም። ሌላ የሚበላው ያጣ ምስጥ ወደ ቆመው ሰብል ይዞራል።

ጥያቄ (ከጋምቤላ)፦ ልጄን ነድፎት እግሩ አበጠ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ መንደፊያው እንደ ንብ ቆዳ ውስጥ ስለማይቀር የሚነቀል ነገር የለም። ያው ጉንዳን ግን ደጋግሞ ሊነድፍ ይችላል፤ ሱሪ ውስጥ ከገባ በላዩ ላይ መምታት ይተዉና ሱሪውን ያስወልቁት፣ እያንዳንዱንም ይዘው ይንቀሉ። ቦታውን በውኃና በሳሙና ይጠቡት፤ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ለ10 ደቂቃ ያህል ያድርጉበት። ልጁ እንዳያክከው ጥፍሩን ይቁረጡለት፤ ሕመሙ ካለፈ በኋላ ችግር የሚያመጣው መታከኩ ነው። ቤንዚን፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በምላጭ መብጣት ይቅር። እብጠቱ በተነደፈው እግር ላይ ብቻ ከሆነ ይጎድላል። ከንፈሩ ወይም ፊቱ ካበጠ፣ ሰውነቱ ሁሉ ሽፍ ካለበት፣ መተንፈስ ካስቸገረው፣ ካስመለሰው ወይም ካዞረው ግን አይጠብቁ፤ ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።

ጥያቄ (ከጅማ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)፦ ለመመረቂያ ጽሑፌ ይህንን ጉንዳን በሜዳ መከታተል እፈልጋለሁ። መሣሪያ የለኝም። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ሰዓት፣ ማስታወሻ ደብተር፣ የ50 ሜትር ሜትሮና ቪዲዮ የሚቀርጽ ስልክ ካለዎት በቂ ነው። ለማታ በቀይ ፕላስቲክ የተሸፈነ የራስ ባትሪ ይጨምሩ። ወፍራም ጫማ ያድርጉ፤ ሱሪዎን ካልሲ ውስጥ ይክተቱ፤ ጫማዎ ላይ ፀረ ትንኝ ቅባት አይቀቡ።

የሚወጡባቸው ዋና ሰዓቶች ከጠዋቱ 12 እስከ 4 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ9 እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ነው። የቀትር ፀሐይ ላይ አይድከሙ።

ጎጆውን ለማግኘት ባዶ አፉን የሚሄደውን ሰልፍ ከተከተሉ የሚደርሱት ምስጡ ዘንድ ነው፤ እዚያ ቆመው ይጠብቁ። ምስጥ የያዘው ሰልፍ ሁልጊዜ ወደ ቤቱ ነው የሚወስድዎት። ከጎን በኩል ሁለት ሜትር ያህል ርቀው ይሂዱ። በሰልፉ መንገድ ላይ መርገጥ ትልቁ ስሕተት ነው፤ የሽታውን መስመር ያጠፋል፤ ሰልፉ እዚያው ላይ ይዞርና ዘመቻው ይበላሻል። ጎንበስ ብለው ትንፋሽዎ ከደረሰባቸውም ይበተናሉ፤ «ሽሽሽ» የሚለው ድምፅ ከተሰማዎ ከልክ በላይ ቀርበዋል ማለት ነው።

ለመቁጠር በሰልፉ መንገድ ላይ ያለ አንድ ጠጠር ወይም ሥር ምልክት ያድርጉ። የራስዎን እንጨት አያጋድሙ፤ ይሸሹታል። ስልኩን ከጎን አስቀምጠው የሚያልፈውን ሁሉ ይቅረጹና ቤት ገብተው ቪዲዮውን አዘግይተው ይቁጠሩ። በእያንዳንዱ ዘመቻ ቢያንስ የወጣበትንና የተመለሰበትን ሰዓት፣ ርቀቱን፣ የወጡትን ቁጥር፣ ምስጥ የያዙትን፣ ጉንዳን የያዙትን ይመዝግቡ። ምስጥ ነጣ ብሎ ይለያል። የተሸከሙት ጉንዳን ግን ጥቁር በጥቁር ላይ ነው፤ እግሩ ታጥፎ ከተሸካሚው አፍ ሥር ስለሚገኝ በዓይን በቀላሉ ያመልጣል፤ ቪዲዮው የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው።

ብዙ ጀማሪ የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ጉንዳን የተሸከመ ጉንዳን ሁሉ አዳኝ አይደለም። ቡድኑ ቤት ሲቀይርም ጤነኞች ጤነኞችን ይሸከማሉ። በሰልፉ ውስጥ እጭ ወይም ሞላላ ቡናማ ሽፍን (እጩ ወደ ጉንዳን የሚለወጥበት ከረጢት) ከታየ፣ ደግሞም ምልልሱ ለሰዓታት ካላቆመ፣ የሚያዩት የቤት ለውጥ እንጂ ዘመቻ አይደለም፤ ከመዝገብዎ ለይተው ያኑሩት። የጎጆ ለውጥ ከአንድ ቀን በላይ ሊወስድ ይችላል። በነገራችን ላይ በናይጄሪያ የሣር ምድር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠሩት የዚህ ጉንዳን ቀደምት ጥናቶች ከአደኑ ጎን ለጎን የቤት ለውጡንም መዝግበዋል፤ ለጽሑፍዎ መነሻ ይሆንዎታል።

ቀለም መቀባት ካሰቡ የአክሪሊክ ቀለም በቀጭን የእንጨት ጫፍ፣ ጀርባው ላይ በደረቱ በኩል ብቻ ያድርጉ። አንቴና፣ መገጣጠሚያና የሆድ ጫፍ አይነካ። የተቀባው ቀለሙ ሳይደርቅ ከተመለሰ ባልደረቦቹ ይልሱታል።

ጥያቄ (ከፍራንክፈርት)፦ እዚህ ጀርመን ጉንዳን በመስታወት ቤት ማርባት የተለመደ ነው። ማታቤሌን ከአገር ቤት ማስመጣት ይቻላል?

መልስ፦ ሁለት በር ይዘጋብዎታል። የመጀመሪያው ምግቡ ነው። ማር፣ ክሪኬት፣ የዱቄት ትል አይቀበልም፤ ሕይወት ያለው ምስጥ ይፈልጋል፤ ያውም በየቀኑ፣ በመቶዎች። እንጉዳይ አብቃይ ምስጥን በቤት ማርባት ከጉንዳኑ የባሰ ነው፤ ሙቀቱና እርጥበቱ ትንሽ ሲዛባ እንጉዳዩ ይበላሻል፣ ምስጡም ያልቃል። የምርምር ተቋማት እንኳ ብዙውን ሥራ ምስጡ ባለበት አገር ሄደው ነው የሚሠሩት። በዚያ ላይ ንግሥቷ ስለማትበር እንደ ሌሎች ጉንዳኖች በጋብቻ በረራ ጊዜ አንዲት ንግሥት ይዞ መጀመር አይቻልም። አዲስ ጎጆ የሚመሠረተው አሮጌው ለሁለት ሲከፈል ነው። ንግሥት መውሰድ ማለት ሙሉ ቡድን ማፍረስ ነው።

ሁለተኛው ሕጉ ነው። ከኢትዮጵያ ሕያው ናሙና ለማውጣት ከኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያስፈልጋል። ጎረቤት ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2025 ንግሥት ጉንዳን ከአገር ሊያወጡ ሲሉ የተያዙ አራት ሰዎችን እያንዳንዳቸውን 1 ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ ወይም 12 ወር እሥራት ቀጥታለች፤ ከእነሱ ሁለቱ ገና ወጣት የአውሮፓ ተወላጆች ነበሩ። ዝርያው ሌላ፣ እህል ሰብሳቢው ሜሶር ሴፋሎተስ ነበር፤ ሕጉ ግን ዝርያ አይመርጥም። ለመጀመሪያ እርባታ እዚያው አካባቢዎ ያለው ላሲየስ ኒገር ይበቃዎታል፤ ንግሥቷ በአውሮፓ በጋ በእግረኛ መንገድ ላይ ትገኛለች፤ ሠራተኞች ሲፈለፈሉላት ስኳር ውኃና ዝንብ ይበቃቸዋል።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ፈሳሹ ጀርም የሚገድል ከሆነ ለሰው ቁስል አይሆንም?

መልስ፦ ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ በሆስፒታል በተቃጠለና በተቀደደ ቁስል ላይ የሚያስቸግር፣ ብዙ መድኃኒት የማይበግረው ባክቴሪያ ስለሆነ ጥያቄዎ ተመራማሪዎቹም ያነሱት ነው። ነገር ግን 112ቱ ውሕዶች ተደባልቀው እንጂ አንዱ ለብቻው ያንን ውጤት ማምጣቱ አልታየም፤ ከጉንዳን ዕጢ የሚገኘውም መጠን ከጠብታ ያንሳል። ጉንዳን ጨፍልቆ ቁስል ላይ መለጠፍ የመርዙንና የአፈሩን ጀርም አብሮ ማስገባት ነው፤ ፈጽሞ አይሞክሩት። ያመረቀዘ ቁስል ካለብዎ ለጤና ባለሙያ ያሳዩ።